ለካሎጄሮ የተገመደ ገመድ

ኒንፋ ሕፃኑን በጥቁር ሻል ደረቷ ላይ አስራ የድንጋዩን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየረገጠች ትወጣለች። ከኋላዋ የሴቶች የእንጨት ጫማ ይንኳኳል። በከተማቸው በፔትራሎንጋ፣ በቅዱሱ በሳን ካሎጄሮ በዓል ማለዳ፣ ከዚያ ኳኳታ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። የደወሎቹ ምላስ በጆንያ ተጠቅልሎ ከታሰረ ወራት አልፏል፤ የሻምበሉ ትእዛዝ ነው።

«ቀስ በይ አንቺ! ዳቦ ጋጋሪ ነኝ እንጂ ፍየል አይደለሁም!» ብላ ከታች ጮኸች ዶና ፕሮቪደንሳ፣ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ።

«ሻምበሉ ከማዕድኑ ሲመለስስ ቀስ ይልልሻል?»

«እሱ በፈረስ ነው የሚመጣው። ፈረሱም ቢሆን ከእኔ ይቀላል።»

ሴቶቹ እያለከለኩ ሳቁ። ሳቁ ጥሩ ነበር፤ ምክንያቱም ያን ቀን ማለዳ የሠሩት ሥራ በመንግሥት ዓይን ወንጀል ነው። በኮረብታው አናት ያለችውን የቅዱሱን ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ በዶና ፕሮቪደንሳ የምድጃ ብረት ሰብረዋል። ሁለቱን ጠባቂ ወታደሮች ከአንድ እንስራ ወይን ጠጅ ጋር ዕቃ ቤት ውስጥ ቆልፈውባቸዋል፤ ወታደሮቹም እንስራውን አይተው ብዙ አልተከራከሩም። ከዚያ ሐውልቱን ከመንበሩ አውርደው፣ እግሩ እንደ ጀልባ አፍንጫ በተቆለመመው የሚጎተት ቃሬዛ ላይ አቁመውታል። ፊቱ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ጢሙ የነጣ፣ ከባሕር ማዶ ከአፍሪካ በኩል መጣ የሚሉት ሽማግሌ አሁን ደጃፉ ላይ ቆሞ ቁልቁለቱን ይመለከታል።

በየዓመቱ ከዚያ ተነሥቶ እስከ ታችኛው አደባባይ፣ እስከ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳል። ሲወርድ ከየመስኮቱ ዳቦ ይወረወርበታል። በሕይወት ሳለ ወረርሽኝ ገብቶ፣ እሱ ለታመሙት እየለመነ ሲዞር፣ ሰዉ በር መክፈት ስለፈራ ዳቦውን በመስኮት ይጥልለት ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ መወርወሩ አልቀረም።

ዘንድሮ ግን ኮሌራ ገባ። ሻምበል ብሩሳስኮ የቶሪኖ ሰው ነው፤ ጋሪባልዲ ባለ ቀይ ሸሚዝ ወታደሮቹን ይዞ አገሩን ለሰሜኑ ንጉሥ ሊያስገብር ከመጣ ወዲህ ባሉት ሰባት ዓመታት ከሰሜን እንደመጣው ሁሉ እሱም ሳይጠራ የመጣ ነው። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ከወታደሮቹ በሽታው የገደላቸውን በገዛ እጁ ቀብሯል። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ቀብር ይበዛል ብሎ ያምናል፤ ብዙም አልተሳሳተም። ስለዚህ ደወሉን አሰረ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ዘጋ፤ የድኝ ቆፋሪዎቹን ወንዶች ከኮረብታው ማዶ በወታደር አጥሮ ከቤታቸው ለየ። የሟቾችን ልብስ ሲያቃጥል ደግሞ የቅዱሱን ገመድ አብሮ እሳት ውስጥ ጨመረው፤ ብዙ እጅ ነክቶታል ብሎ። አጨዳው ከተጀመረ ወዲህ ግን በከተማው የሞተ ሰው የለም። በሽታው ሲሄድ ትእዛዙ አልሄደም፤ ሴቶቹም መሄጃውን ራሳቸው ሊያሳዩት ተነሡ።

ያለ ገመድ ቃሬዛው አይወርድም። ፊት ለፊት የሚጎተትበት ያስፈልገዋል፤ ከሁሉም በላይ ግን ከኋላ ተይዞ የሚለቀቅበት፣ ቁልቁለቱ ላይ እንዳይጋልብ። አዲስ ገመድ ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ደረጃው በሚያደርስበት በማስትሮ ጋስፓሬ ሺቤታ ግቢ፣ የኒንፋ አማት ዘንድ፤ ማስትሮ የሚባለው በእጅ ሙያው የተካነ ሰው ነው።

ግቢው ጠባብና ረጅም ነው። ገመድ የሚገመደው ወደኋላ እየተሄደ ስለሆነ፣ ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ግቢ ወደኋላ ሲሄዱ ኖረዋል። ያን ቀን ግን ተቀምጠዋል። የተቀመጡትም በተጠቀለለው አዲሱ የቅዱሱ ገመድ ላይ ነው።

«ይባርኩኝ፣ አባባ» አለች ኒንፋ።

«ይባርክሽ» አሉ፤ ለዚህ ሰላምታ ሌላ መልስ ስለሌለው። «በሩን የሞሉት እነዚያ ምንድን ናቸው? ለቅሶ መጡ?»

«ገመድ ፈልገን ነው» አለች ዶና ፕሮቪደንሳ።

«ገመድማ ይሸጣል። ለአህያ አለ፣ ለባልዲ አለ፣ ለመሰቀያም አለ። የቱን ልስጥሽ?»

«የተቀመጡበትን።»

ማስትሮ ጋስፓሬ ያልሰሙ መስለው ወደ ኒንፋ ዞሩ። «ልጁን አሳዪኝ።»

ሻሉን ገለጥ አደረገችላቸው። ሕፃኑ ተኝቷል። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩት።

«የሳልቫቶሬ ግንባር ነው።»

«ጆሮው የእርስዎ ነው።»

«የእኔ ጆሮ ከሆነ በእኔ ስም ሲጠሩት ይስማ» አሉ። «ነገሩን አውቀሻል። አያቴ ጋስፓሬ፣ አባቴ ሳልቫቶሬ፣ እኔ ጋስፓሬ፣ ልጄ ሳልቫቶሬ። አንዱ በሌላው ላይ እየተጠመዘዘ እዚህ ደርሷል። ልጄን ኮሌራ ወሰደው። ሌላ የለኝም። ልጁን ዛሬ ጋስፓሬ ብለሽ አስጠምቂው፤ እኔም ከዚህ ገመድ ላይ ልነሣ።»

«ስሙ ተሰጥቷል፣ አባባ። ካሎጄሮ ነው። ስእለት ነው።»

«ማንን አስፈቅደሽ?»

«ማንን ላስፈቅድ? ደጄ ላይ ወታደር ቆሞ ነበር።»

የሽማግሌው ድምፅ ከፍ አለ። «ያ ቄስ ዶን ኢላሪዮ መጥቶ፣ ወይኔን ጠጥቶ፣ ግሪክኛ አስተማረኝ! ካሎጄሮ ስም አይደለም አለኝ። ግሪኮች ይህን አገር በያዙበት ዘመን፣ ዋሻ ውስጥ የሚኖረውን መናኝ ሁሉ 'ካሎ ጌሮስ' ይሉት ነበር አለ፤ ደጉ ሽማግሌ ማለት ነው አለ። የሰውዬውን የገዛ ስሙን ማንም አልጠየቀው፣ ማንም አያውቀው። አየሽ? ስሙን የጣለ ሰው ነው! ስሙን የጣለ ሰው የእኔን ሊያስጥል መጣ!»

«ቄሱ እኮ ሊያጽናኑዎት ብለው ነው።»

«በግሪክኛ ሰው አይጽናናም!»

ከበሩ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ማስትሮ ጋስፓሬ አልሳቁም። «ታመሽ ሳለ ደጄን ዘግቻለሁ። አልክድም። የከተማው ሰው ሁሉ ዘግቷል። ታዲያ ማን አበላሽ? ያ ጥቁሩ ነው ከመንበሩ ወርዶ ያበላሽ?»

ኒንፋ ለዚህ መልስ ነበራት።

ሳልቫቶሬ በሞተ በማግሥቱ እሷም ወደቀች፤ ልጁ በሆዷ ነበር። ደጇ ላይ ዘበኛ ቆመ። መጀመሪያ የጠማት ውኃ ነበር፤ ቀጥሎ ራባት። በሦስተኛው ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ በጓሮው አጥር ላይ አንድ ነገር ተወርውሮ ጓሮዋ ውስጥ ወደቀ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ዳቦ። በማግሥቱም ወደቀ። እስክትነሣ ድረስ አንድ ቀን አልቀረም። ስእለቱን የተሳለችው የመጀመሪያውን ዳቦ በእጇ ይዛ ነው። ሲባጎውንም ያወቀችው ያኔውኑ ነው። ማስትሮ ጋስፓሬ ግራኝ ናቸው፤ የሚገምዱት ሁሉ ከሌላው ሰው ገመድ በተቃራኒ ይጠመዘዛል። ሽማግሌው ግን ከቤቴ ማንም ወደዚያ ቤት አይጠጋም ብለው አደባባይ ላይ ምለው ነበር፤ የታጠረ ቤት ውስጥ ዕቃ መወርወርም ያስቀጣል። አሁን ይህን በሴቶቹ ፊት ብትናገር ገመዱን ታገኛለች፤ ሽማግሌውን ግን ታዋርዳቸዋለች።

«ሽማግሌ ነው ያበላኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ማስትሮ ጋስፓሬ ዓይናቸውን ሰበሩ። ከገመዱ ላይ ግን አልተነሡም።

ደጅ ስትወጣ ዶና ፕሮቪደንሳ ክንዷን ያዘቻት። «ስጪያቸው እባክሽ! ጋስፓሬ በይውና ይጠመቅ። ቤትሽ ውስጥ ካሎ ብለሽ ትጠሪዋለሽ፤ ማን ይሰማሻል?»

«ስእለቱን የሰማው ይሰማኛል።»

«ቅዱሱ ስንት ካሎጄሮ አለው! የእኔ ባል ካሎጄሮ፣ ወንድሜ ካሎጄሮ፣ አህያዬ እንኳ ካሎጄሮ ነው። አንዱ ቢጎድልበት ይቆጥራል?»

«ስሙን ለአህያሽ ስትሰጪ በረሃብ ልትሞቺ አልነበረም።»

«ለአንድ ስም ብለሽ ቅዱሱን ደጅ ላይ ልትተዪው ነው?» አለች ሌላዋ ሴት ከኋላ። ብዙዎቹ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኒንፋ ቆመች። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው፤ ባሏ ሞቷል፤ የቀራት ዘመድ እነዚህ ሴቶችና በግቢው ውስጥ ያኮረፉት ሰው ናቸው። «የሰጠሁትን አልመልስም» አለች። «የሚጎድለው ገመድ ከሆነ ገመድ እኔ አመጣለሁ።»

ቤቷ ገብታ የሙሽራ ሳጥኗን ከፈተች። ጥልፋቸውን ከልጅነቷ ጀምራ የጠለፈችባቸው አንሶላዎች መዓዛ ካለው የላቬንደር ቅጠል ጋር ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። አንዱ ከሳልቫቶሬ ጋር ተቀብሯል። የቀሩትን በሁለት ክንዷ አቅፋ ወጥታ፣ መንገዱ መሐል ዘረገፈቻቸው፤ ተንበርክካም የአንዱን ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር ትቋጥር ጀመር።

ዶና ፕሮቪደንሳ አየቻት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ለአፍታ ቆመች። ከዚያ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች። ስትመለስ የራሷን ይዛ ነበር። «ባሌ እንኳ በደንብ አላየውም፤ መብራቱን ቶሎ ነው የሚያጠፋው። ቅዱሱ ይየው።»

ከዚያ በኋላ ያልሮጠች ሴት አልነበረችም። የሳጥን ክዳን ሁሉ ሲከፈት ይሰማል። ለሠርግ የተቀመጠው፣ ለመገነዣ የተቀመጠው፣ ከእናት የወረደው አንሶላ ሁሉ ወጣ። ተጠምዝዞ፣ ተቋጥሮ፣ እስከ ኮረብታው ደጃፍ ደረሰ። አንዱ ጥምዝዝ ከቃሬዛው ፊት፣ አንዱ ከኋላ ታሰረ። ኒንፋ ሕፃኑን አጥብቃ አሰረችና ፊተኛውን ያዘች።

«ና እንግዲህ፣ አባባ ካሎ!» አለች ዶና ፕሮቪደንሳ ሐውልቱን። «ከዚህ በላይ አልጋ አናነጥፍልህም!»

ቃሬዛው ነቅነቅ አለ፤ ድንጋዩን እየፋቀ መውረድ ጀመረ። የፊተኞቹ ይጎትታሉ፤ የኋለኞቹ ተረከዛቸውን ድንጋይ ላይ ተክለው ይይዛሉ። የመጀመሪያው መስኮት ተከፈተ። ዳቦ ተወረወረ። ከዚያ ሁለተኛው መስኮት፣ ከዚያ የመንገዱ መስኮት ሁሉ። ቅዱሱ የፈወሰው የአካል ክፍል ሁሉ በዳቦ ተጋግሯል፦ እግር፣ ጆሮ፣ ጡት፣ ክንድ። በጥቁሩ ፊት ላይ፣ በነጩ ጢም ላይ ይዘንባል። ሴቶቹ እየዘመሩ ይወርዳሉ።

ሻምበሉ የደረሰው መንገዱ አጋማሽ ላይ ነው። ከኋላው ጥቂት ወታደሮች አሉ። ፈረሱ ዝማሬውንና የሚዘንበውን ዳቦ ሲያይ ደነበረ፤ ሻምበሉ ወርዶ በእግሩ መንገዱ መሐል ቆመ።

«በንጉሡ ስም ቁሙ!»

«ብንቆም እኮ እርስዎ ላይ ነው የሚወርደው፣ ጌታዬ!» አለች ዶና ፕሮቪደንሳ።

«በሽታ ነው የምትጎትቱት! ሕፃን ይዛችሁ!» ጣቱ ወደ ኒንፋ ዞረ። «ለዚህ ጥቁር እንጨት ብለሽ ልጅሽን ትገድያለሽ?»

«ጥቁር ነው» አለች ኒንፋ፤ ገመዱን ሳትለቅ። «የእኛም ነው። ልጄን ያተረፈው የተወረወረ ዳቦ ነው። እርስዎ ደጄ ላይ ዘበኛ አቆሙ፤ ዳቦ ግን አላቆሙም።»

ሻምበሉ ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ ከላይ የተወረወረ የዳቦ እግር ባርኔጣውን ጣለው።

«በመንግሥት ወታደር ላይ ጥቃት!»

«ለቅዱሱ ነው!» ብላ ጮኸች ከመስኮቱ አንዲት አሮጊት። «እርስዎ ነዎት መሐል የገቡት!»

ወታደሮቹ ወራት ሙሉ ደረቅ ብስኩት ሲበሉ የከረሙ ናቸው። አንደኛው ጎንበስ ብሎ አንድ ጆሮ አነሣና ገመጠ። «አትብላ!» ብሎ ሻምበሉ ወደ እሱ ዞረ። በዚያች ቅጽበት ነው የአንሶላው ድምፅ የተሰማው።

ጨርቅ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ ሁሉም ሴት ታውቀዋለች። ከቃሬዛው ኋላ፣ የመጀመሪያው ቋጠሮ አጠገብ አንሶላው እስከ ግማሹ ተተረተረ፤ ቀጥሎ የቀረው ይሰነጠቅ ጀመር። ቃሬዛው ወደፊት ዘለል አለ። ፊት ያሉት ሴቶች ጮኹ። ግራና ቀኝ ግንብ ነው፤ መሸሻ የለም። ታች ደግሞ ኒንፋና ሕፃኑ፣ ከእነሱ በታች ሻምበሉ።

«ልቀቂ! ያንን ጨርቅ ልቀቂና ዞር በይ!»

ማስትሮ ጋስፓሬ ነበሩ፤ የጮኹት ከቃሬዛው ኋላ አጠገብ ለቆመችው ሴት ነው። ከላይኛው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጀምረው ግንቡን ተጠግተው፣ የሴቶቹን ቋጠሮ እያዩ፣ ብቻቸውን እያጉረመረሙ ሲከተሉ ቆይተዋል። አዲሱ ገመድ ትከሻቸው ላይ ነው። ጫፉን በቃሬዛው የኋላ ቀለበት አሾልከው በግራ እጃቸው ቋጠሩት፤ ሌላውን በመንገዱ ዳር ባለው የድንጋይ ምሰሶ ላይ ዞር አድርገው ጠመዘዙትና በመላ አካላቸው ወደኋላ ተጣሉ። ገመዱ ተወጠረ፤ ምሰሶው ላይ እየጮኸ ጨሰ። ቃሬዛው ተንገጫግጮ ቆመ። ጥቁሩ ሽማግሌ ከኒንፋ ራስ በላይ ዘንበል ብሎ ቀረ።

ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ።

«ይሄ ቋጠሮ ነው?» አሉ ማስትሮ ጋስፓሬ እያለከለኩ፤ የተቀደደውን አንሶላ በእግራቸው እየገፉ። «በዚህስ ልብስ እንኳ አይሰጣበትም! እናንተ ቆማችሁ የምታዩ፣ ያዙ!» ያሉት ወታደሮቹን ነው። ዳቦ የሚበላው ወታደር ሳያስበው መጥቶ ያዘ። «በደረት አይደለም፣ በወገብ! ወደኋላ! ምን ዓይነት እናት ነች የወለደችህ፣ ወደኋላ መሄድ አታውቅም?»

ሻምበሉ ባርኔጣውን አነሣ። ፊቱ እንደ አንሶላው ነጥቶ ነበር። ዞር ብሎ መንገዱን ለቀቀ፤ ቅዱሱም አለፈው።

በታችኛው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዶን ኢላሪዮ የማጥመቂያውን ውኃ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የክርስትና አባት ይሆናል የተባለው ቆፋሪ ከወታደር አጥሩ ማዶ ነው፤ ሊመጣ አልቻለም።

«ልጁን ማን ይይዘዋል?» አሉ ቄሱ። «የያዘው ነው ስሙን የሚናገረው።»

ኒንፋ ሻሉን ፈታች። ሕፃኑን አንሥታ ለማስትሮ ጋስፓሬ ሰጠቻቸው።

ዶና ፕሮቪደንሳ «አብደሻል?» ብላ አንሾካሾከች። ሽማግሌው ገመድ በላጠው እጃቸው ልጁን ይዘው ቆሙ። የፈለጉትን ስም ቢናገሩ የሚመልሰው የለም፤ ውኃው አንዴ ከፈሰሰ አለቀ።

ኒንፋ ጠጋ ብላ እሳቸው ብቻ እንዲሰሙ ተናገረች። «ዳቦው በግራ በተገመደ ሲባጎ ታስሮ ነበር የሚመጣው።»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ማን ነገረሽ?»

«ሲባጎው።»

«ለሰው ተናግረሻል?»

«ለቅዱሱ ብቻ። ልጁን በስሙ የጠራሁት ለዚያ ነው፤ ደጉ ሽማግሌ ማለት አይደል?»

ማስትሮ ጋስፓሬ ቀና ብለው ጥቁሩን ፊት አዩት፤ ተመልሰውም እሷን አዩ። «ደግ ሰው አይደለሁም እኔ» አሉ በቁጣ። «በር ዘግቻለሁ።»

«ደግነቱ ቢጎድል እንኳ ሽማግሌነቱ አለ» አለች ኒንፋ።

የሽማግሌው ጢም ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየም። ከዚያ ልጁን ወደ ውኃው ዘንበል አድርገው፣ በግቢያቸው ዳር ላለ ሠራተኛ እንደሚጮኹ ጮኹ።

«ካሎጄሮ!»

ውኃው ፈሰሰ። ሕፃኑ ጮኸ። ከሴቶቹ አንዷ የደወሉን ማማ ወጥታ ጆንያውን ሳትቆርጠው አልቀረችም፤ ደወሉ ሲመታ ከተማው ተንቀጠቀጠ።

ሻምበሉ ጸሐፊውን አስከትሎ የገባው ያኔ ነው። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ ሥራው ግን ሥራ ነው። «ቁልፍ ተሰብሯል። ሕዝብ ያለፈቃድ ተሰብስቧል። ሌላው ይጣራል። ገመዱን ያመጣው ማን ነው?»

«ገመዱማ ከሰማይ…» ብላ ዶና ፕሮቪደንሳ ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አሉ ማስትሮ ጋስፓሬ። ልጁን ለእናቱ መለሱና ኮታቸውን አስተካክለው ወደ ጸሐፊው ፊት ቀረቡ።

«ስም?»

«ጋስፓሬ ሺቤታ። የሳልቫቶሬ ልጅ፣ የሳልቫቶሬ አባት። አጥርተህ ጻፈው፤ ከእንግዲህ ሌላ ቦታ አይጻፍም።»

ጸሐፊው ጻፈ። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም፤ ጎንበስ ብለው ግን የመስመሩን ርዝመት በዓይናቸው ለኩት፣ ገመድ እንደሚለኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አጥሯል» አሉ። «ማስትሮ የሚለውን ጨምርበት።»